እስከ የት? ኬሚካዊ ሚዛን ከመልካሳ እስከ አብያታ



ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አዋሽ መልካሳ በሁለት ተቋማት ትታወቃለች። አንዱ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ሌላው ሰልፈሪክ አሲድና አልሙኒየም ሰልፌት የሚያመርተው ፋብሪካ ነው። ዛሬ የምነሣው ከፋብሪካው ነው። ኬሚካዊ ሚዛንን፣ እናንተ ተማሪዎች ኢኩሊብሪየም የምትሉትን፣ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። አሲዱ የሚገኝበት አፀግብሮት በሚዛን ሕግ ይገዛል። ከአሲዱ የሚሠራው አልሙኒየም ሰልፌት የመጠጥ ውሃ ለማጥራት ይውላል። በዙሪያችን ያለው የጉድጓድ ውሃ ደግሞ የራሱ የሚዛን ጣጣ አለበት፤ ጣጣው በስምጥ ሸለቆ ልጆች ጥርስ ላይ ይነበባል።

ብዙ ተማሪ የሚዛንን ቀመር በቃሉ ይዞታል። ቁጥር ይተካል፣ መልስ ያወጣል። «የሚዛን ቋሚው ኬ ትልቅ ከሆነ አፀግብሮቱ ፈጣን ነው» የሚል ምርጫ ሲያጋጥመው ግን ያንኑ ያከብባል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህን ስሕተት ከሥሩ ለመንቀል ነው። የሚዛን ሕግ የሚመልሰው «እስከ የት?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። «በስንት ጊዜ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የሚገኘው ሌላ ዘንድ ነው። ሁለቱን የለየ ሰው የአሲድ ፋብሪካው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ይገባዋል፤ የወንጂ ጉድጓድ ውሃም ምን እንደሆነ ይገባዋል።

ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ውሰዱ። አረፋ አይታይበትም። ጸጥ ያለ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሥራ አልቆመም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውሃው እየወጣ ወደ ጠርሙሱ አንገት ይሄዳል፣ ከአንገቱም እየተመለሰ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። የሚወጣውና የሚገባው በአንድ ፍጥነት ስለሆነ ለዓይን የሚለወጥ ነገር የለም። ሚዛን ማለት ይኸው ነው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ሂደቶች ፍጥነታቸው ሲስተካከል። የሚስተካከለው ፍጥነቱ ነው እንጂ መጠኑ አይደለም፤ በሚዛን ላይ ያለ ነገር አንዱ ወገን ዘጠና ዘጠኝ፣ ሌላው አንድ ሊሆን ይችላል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ያመለጠው ጋዝ አይመለስምና ውሃው ይንተከተካል፣ ውሎ ሲያድርም ጣዕሙ ይጠፋል። ሚዛን እንዲጸና ዕቃው መዘጋት አለበት።

ይህ ሐሳብ ፍንጩ የተገኘው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ መሆኑ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ክሎድ ሉዊ በርቶሌ በ1798 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮንን ተከትሎ ግብፅ ገባ። በዋዲ ናትሩን ሐይቆች ዳር ሶዲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ሶዳ፣ ተጋግሮ አገኘ። በዘመኑ ኬሚስቶች ዘንድ ሶዲየም ካርቦኔትና ካልሲየም ክሎራይድ ሲገናኙ ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ) እና የገበታ ጨው ይሰጣሉ፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። በሐይቁ ዳር ግን ሂደቱ ተገልብጦ ታየው። የተትረፈረፈው ጨው የኖራ ድንጋዩን አሸንፎ ሶዳ እያወጣ ነበር። በርቶሌ ከዚያ ተነሥቶ፣ የአፀግብሮትን አቅጣጫ የንጥረ ነገሮቹ ጠባይ ብቻውን አይወስነውም፣ ብዛታቸውም ይወስነዋል አለ። በ1803 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም ሐሳቡን አሰፋው። ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ፣ ከላንጋኖ ሐይቅ በሆራ ቀሎ ውሃ ተቀብሎ ለማንም የማይሰጠውን የአብያታን ሐይቅ ያየ ሰው ያንኑ የመሰለ ነጭ ዳርቻ አይቷል፤ የእኛው ሶዳ ምንጩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቢሆንም።

ሐሳቡን ወደ ቀመር የለወጡት ሁለት ኖርዌያውያን፣ ካቶ ጉልድበርግና ፔተር ቮገ ናቸው፤ ዘመኑም 1864 እ.ኤ.አ. ነው። ሕጋቸው ይህ ነው፦ አፀግብሮቱ ሚዛን ላይ ሲደርስ የውጤቶቹን ክምችት አባዙ፣ የመነሻዎቹንም ክምችት አባዙ፣ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፤ እያንዳንዱ ክምችት በእኩልታው ውስጥ ከፊቱ ያለውን ቁጥር አርቢ አድርጎ ይያዝ። ሙቀቱ እስካልተለወጠ ድረስ የሚወጣው ቁጥር አንድ ነው። ከየትም ጀምሩ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ጨምሩ፣ መጨረሻው ያው ነው። ያ ቁጥር ኬ ይባላል። ወደ ፊት የሚሄደው ሂደት የፍጥነት ቋሚ ወደ ኋላ ለሚመለሰው ሲካፈልም የሚገኘው ኬ ነው። ስለዚህ ኬ ትልቅ ሆኖ ሁለቱም ፍጥነቶች እጅግ ዘገምተኛ ሊሆኑ ይችላሉ።

አሁን ወደ ፋብሪካው እንግባ። ሰልፈሪክ አሲድ ለመሥራት ሰልፈር ይቃጠላል፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይገኛል። አስቸጋሪው ቀጣዩ እርምጃ ነው፦

ሰልፈር ዳይኦክሳይድ + ½ ኦክስጅን ⇌ ሰልፈር ትራይኦክሳይድ

ኬ = [ሰልፈር ትራይኦክሳይድ] ÷ ([ሰልፈር ዳይኦክሳይድ] × [ኦክስጅን]^½)

ጋዞች ስለሆኑ በክምችት ፈንታ የየድርሻቸውን ግፊት በአትሞስፌር መተካት ይቀላል፤ ያን ጊዜ ቁጥሩ ኬፒ ይባላል፣ በክምችት የተሰላው ኬሲ። ዝምድናቸው ኬፒ = ኬሲ × (አር × ቲ) ሲሆን፣ የቅንፉ አርቢ የውጤቱ የጋዝ ሞል ሲቀነስ የመነሻው የጋዝ ሞል ነው። እዚህ 1 − 1½ = −½ ይሆናል። አር የጋዝ ቋሚ፣ ቲ የሙቀት መጠን ነው። ቲ ሁልጊዜ በኬልቪን ነው፤ በፈተና ላይ ነጥብ የሚያሳጣው ይህ ነውና አደራ።

ኬፒ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ገደማ ነው። በ400 ዲግሪ ወደ 500 ይጠጋል። ሙቀቱ ሁለት መቶ ዲግሪ ሲወርድ ኬ ወደ ሃምሳ እጥፍ አደገ ማለት ነው። ምክንያቱ አፀግብሮቱ ሙቀት ሰጪ መሆኑ ነው፤ በአንድ ሞል 99 ኪሎጁል ያህል ይለቃል። ሆላንዳዊው ቫንት ሆፍ ይህን በቀመር አስቀምጦታል፦

የ(ኬ2 ÷ ኬ1) ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም = (ዴልታ ኤች ÷ አር) × (1/ቲ1 − 1/ቲ2)

ዴልታ ኤች አፀግብሮቱ የሚወስደው ወይም የሚለቀው ሙቀት ነው፤ ኔጌቲቭ (ሙቀት ሰጪ) ከሆነ ሙቀት ሲጨምር ኬ ይቀንሳል። ፖዘቲቭ ከሆነ ይጨምራል። ኬን የሚለውጠው ሙቀት ብቻ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር በደብተራችሁ ላይ አስምሩበት። ግፊት፣ ክምችት፣ አፀግብሮትን የሚያፋጥን ካታሊስት ኬን አይነኩትም። አንድ ነገር ልጨምር፦ እኩልታውን በሁለት አባዝታችሁ ብትጽፉት፣ ማለትም ሁለት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከአንድ ኦክስጅን ጋር ብትሉ፣ የ600 ዲግሪው 10 ሳይሆን 100 ይሆናል። ኬ በስኩዌር ያድጋል። ገልብጣችሁ ብትጽፉት ደግሞ አንድ ሲካፈል ለኬ ይሆናል። ስለዚህ እኩልታው ያልተጻፈለት ኬ ትርጉም የለውም።

እንግዲህ ኬ በዝቅተኛ ሙቀት እንዲህ የሚያድግ ከሆነ ፋብሪካው ለምን በ100 ዲግሪ አይሠራም? መልሱ ከሁለቱ ጥያቄዎች ሁለተኛው ዘንድ ነው። በ100 ዲግሪ ሚዛኑ ያለው ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በውጤቱ በኩል ነው፤ ግን እዚያ የሚደርስ የለም። ሞለኪውሎቹ የድሮ ትስስራቸውን የሚበጥሱበት ጉልበት የላቸውም። የእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ኮምጣጤ ነጋዴ የነበረው ፔሪግሪን ፊሊፕስ በ1831 እ.ኤ.አ. በፕላቲነም ካታሊስት ይህን መንገድ አሳጠረው። ዛሬ የአሲድ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት ቫናዲየም ፔንታኦክሳይድን ነው። እሱም ከ400 ዲግሪ በታች ብዙም አይሠራም። ካታሊስት ወደ ፊት የሚሄደውንም ወደ ኋላ የሚመለሰውንም እኩል ያፋጥናል፤ መድረሻውን አንድ ጋት አያርቅም፣ አያቀርብም።

መሐንዲሶቹ ያገኙት መፍትሔ እጅግ ይማርከኛል። ጋዙ በ420 ዲግሪ ገደማ ወደ መጀመሪያው የካታሊስት ንጣፍ ይገባል። አፀግብሮቱ ሙቀት ስለሚለቅ ጋዙ ራሱን እያሞቀ ወደ 600 ዲግሪ ይደርሳል። እዚያ ኬ ወርዷል፤ ከሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ከ60 እስከ 70 በመቶው ተለውጦ ሂደቱ ይቆማል። ካታሊስቱ አልደከመም፣ ጊዜም አላነሰም፤ ሚዛኑ በቃ ብሏል። ጋዙን ያወጡትና ያቀዘቅዙታል። ሲቀዘቅዝ ኬ ያድጋል፣ የተዘጋው መንገድ እንደገና ይከፈታል። ወደ ሁለተኛው ንጣፍ ይገባል፤ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይቆማል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። በሦስትና በአራት ንጣፍ 98 በመቶ ይደረሳል። ከዚያ በላይ የፈለገ ፋብሪካ የተገኘውን ሰልፈር ትራይኦክሳይድ መሐል ላይ በአሲድ አስመጥጦ ያወጣና ቀሪውን ወደ መጨረሻው ንጣፍ ይመልሰዋል። ውጤቱ ስለተወሰደ ሂደቱ ወደ ፊት ይገፋል፤ ወደ 99.7 በመቶ ይደርሳል። የቀረችው ክፍልፋይ በጭስ ማውጫው ወጥታ የአካባቢው ሰው የሚተነፍሳት ጋዝ ናትና እነዚህ የመጨረሻ ነጥቦች ትንሽ አይደሉም።

መሐንዲሶቹ የሚመሩበት ደንብ የፈረንሳዊው አንሪ ለ ሻተሊዬ ነው፤ በ1884 እ.ኤ.አ. አውጥቶታል። በሚዛን ላይ ያለን ነገር ብትነካኩት ንክኪውን በሚቀንስበት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። ጥሩ ደንብ ነው፤ እኔ ግን ለተማሪ ከዚህ ይልቅ ኪውን አስተምራለሁ። ኪው እንደ ኬ ባለው ቀመር ይሰላል፤ የምትተኩት ግን የሚዛን ክምችት ሳይሆን አሁን በዕቃው ውስጥ ያለውን ክምችት ነው። ኪው ከኬ ካነሰ አፀግብሮቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ከበለጠ ወደ ኋላ ይመለሳል። እኩል ከሆነ ሚዛን ላይ ነው። ውጤቱን ስታወጡ ኪው ይወርዳል፤ ስለዚህ ወደ ፊት። ዕቃውን ስትጨምቁ የጋዝ ሞል ወደሚያንስበት ወገን ይሄዳል፤ ምክንያቱም የኪው ላይኛውና ታችኛው ክፍል እኩል አያድጉም። ለ ሻተሊዬ አቅጣጫ ይነግራችኋል፤ ኪው አቅጣጫውንም መጠኑንም። ኬን ከአፀግብሮቱ የነፃ ኃይል ለውጥ፣ ከዴልታ ጂ ዜሮ፣ ጋር የሚያገናኘውም ቀመር አጭር ነው፦ ዴልታ ጂ ዜሮ = − አር × ቲ × የኬ ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም። ኬ ከ1 ሲበልጥ ዴልታ ጂ ዜሮ ኔጌቲቭ ነው። እዚህም ውስጥ ጊዜ የሚባል ነገር የለም፤ ፈልጉት፣ አታገኙትም።

አሁን ወደ ውሃ ልሻገር፤ ለብዙዎቻችሁ ከአሲዱ ይልቅ ይህ ይቀርባችኋል።

በወንጂ፣ በመቂ፣ በዝዋይ ዙሪያ ያደገ ሰው የጥርስን መበለዝ ያውቀዋል። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ነው። በአካባቢያችን የፍሎሮሲስን በሽታ ለብዙ ዓመታት ካጠኑት አንዱ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ናቸው፤ ጉዳቱ ከጥርስ አልፎ አጥንትን እስከ ማጉበጥ እንደሚደርስ በወንጂ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ ታይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በአብያታና በሻላ ሐይቆች ውስጥ ያለው ከ100 ሚሊግራም ያልፋል።

ፍሎራይድ በየትም አገር ድንጋይ ውስጥ አለ። ለምን እኛ ጋ በዛ? የእሳተ ገሞራ ድንጋያችን ፍሎራይድ መያዙ አንድ ምክንያት ነው። ሁለተኛውን የሚነግረን የሚዛን ሕግ ነው። ፍሎራይድ ውሃ ውስጥ እንዳይበዛ የሚይዘው ካልሲየም ነው፤ ሁለቱ ሲበዙ ፍሎራይት የሚባል ጠጣር ሆነው ይዘቅጣሉ፦

ካልሲየም ፍሎራይድ (ጠጣር) ⇌ ካልሲየም + 2 ፍሎራይድ

ኬ = [ካልሲየም] × [ፍሎራይድ]² = 3.9 × 10⁻¹¹ (በ25 ዲግሪ)

ጠጣሩ በቀመሩ ውስጥ አይገባም፤ ክምሩ ቢበዛ ቢያንስ በውሃው ውስጥ ያለውን ክምችት አይለውጥም። አሁን አብረን እናስላ። በአንድ ሊትር 40 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.001 ሞል ካልሲየም ያለበት ውሃ ሊይዝ የሚችለው ፍሎራይድ የ3.9 × 10⁻⁸ ስኩዌር ሩት ነው፤ 0.0002 ሞል ገደማ፣ ወይም 3.75 ሚሊግራም። ካልሲየሙ ወደ 4 ሚሊግራም ቢወርድ ጣሪያው ወደ 12 ሚሊግራም ይወጣል። ካልሲየም በአሥር እጥፍ ሲያንስ ፍሎራይድ በሦስት እጥፍ ይፈቀድለታል። በእውነተኛ ውሃ ውስጥ ሌሎች አየኖች ስላሉ ቁጥሩ ትንሽ ይዛነፋል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም።

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ደግሞ ካልሲየም የተራበ ነው። ሶዳ በመብዛቱ ካርቦኔቱ ካልሲየሙን ይዞ ይዘቅጣል። ጠባቂው ሲወገድ ፍሎራይዱ ያለ ከልካይ ይከማቻል። ለብርጭቆ ፋብሪካ ጥሬ ዕቃ የሚሆነው ሶዳና የልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ ከአንድ ምክንያት የመጡ ናቸው ማለት ነው። አዲስ ጉድጓድ ሲቆፈር ከፍሎራይዱ ጋር የካልሲየሙም መጠን ቢለካ ውሃው ወዴት እንደሚያዘነብል አስቀድሞ ይታወቃል።

«ታዲያ ካልሲየም እንጨምርበት» የሚል ተማሪ አይጠፋም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እናስላው። ፍሎራይዱን 1.5 ሚሊግራም ላይ ለማቆም በሊትር 250 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም በውሃው ውስጥ መቅረት አለበት። ያን ያህል ካልሲየም ያለበት ውሃ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሳሙና አያረፋም፣ በማሰሮው ላይ ቅርፊት ይጋግራል። ሶዳውም የጨመራችሁትን ካልሲየም እየነጠቀ ያዘቅጠዋል። ስለዚህ ካልሲየም የሚሰጠው ኖራ ብቻውን አያዋጣም።

እዚህ ላይ ነው የመልካሳው ምርት የሚመጣው። ሕንድ አገር በናልጎንዳ የተስፋፋው ዘዴ አልሙኒየም ሰልፌትና ኖራ በውሃው ውስጥ ጨምሮ ያማስላል። አልሙኒየሙ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ እንደ ጥጥ ሲረጋ ፍሎራይዱን በገጹ ላይ ይዞ ይወርዳል። ዘዴው በእኛም ስምጥ ሸለቆ ተሞክሯል። ዋናው ነገር የአሲድነት መጠኑ ነው፤ ፒኤች ከ6 እስከ 7 አካባቢ መሆን አለበት። ውሃው ከዚያ ይበልጥ አሲድ ከሆነ አልሙኒየም ሃይድሮክሳይዱ ይሟሟል፣ ከዚያ ይበልጥ አልካሊ ከሆነም ይሟሟል። አልሙኒየም ሰልፌቱ ራሱ ውሃውን አሲድ ስለሚያደርግ ኖራው የሚጨመረው ይህን ለማስተካከል ነው። ዕዳም አለበት፤ ሰልፌቱ በውሃው ውስጥ ይቀራል፣ ፍሎራይድ የተሸከመው አተላም የሚጣልበት ቦታ ይፈልጋል። ከተቻለ ምንጩን መለወጥ ይሻላል። የአዳማ ከተማ ከአዋሽ ወንዝ ጠልፋ አጣርታ ማከፋፈሏ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከወንዝ ርቆ በጉድጓድ ለሚኖር መንደር ግን ማጣሪያ ግድ ነው።

ሌላው መንገድ የከሰለ አጥንት ነው፦

ሃይድሮክሲአፓታይት + 2 ፍሎራይድ ⇌ ፍሎሮአፓታይት + 2 ሃይድሮክሳይድ

ኬ = [ሃይድሮክሳይድ]² ÷ [ፍሎራይድ]²

ሁለቱም አፓታይቶች ጠጣር ስለሆኑ ከቀመሩ ወጥተዋል። ልብ በሉ፣ በጥርሳችን ገለፈት ውስጥም ፍሎራይድ የሚገባው በዚሁ አፀግብሮት ነው። ማጣሪያው ውሃውን ከመጠጣታችን በፊት ሌላ አጥንት ላይ ፍሎራይዱን ያስቀረዋል። አጥንቱ ሲሞላ መጣል አያስፈልግም። ኮስቲክ ሶዳ፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲፈስበት ኪው ከኬ ይበልጣል፣ ሂደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፍሎራይዱ ይለቃል። ታጥቦ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል።

ኮስቲክ ሶዳውስ ከየት ይምጣ? ከአብያታ። የሐይቁ ውሃ በኩሬ ተንጣሎ በፀሐይ ሲተን ሶዳው ይገኛል። ሐይቁ እየሸሸ በመሆኑ ይህ ሥራ በልክ መያዝ እንዳለበት አጥብቄ አምናለሁ፤ አንድ ጊዜ የጠፋ ሐይቅ በኬሚስትሪ አይመለስም። ከሶዳው ወደ ኮስቲክ ሶዳ መሄጃው መንገድ በባቱ፣ ብዙዎቻችን ዝዋይ በምንላት ከተማ፣ ፋብሪካ የተቋቋመለት ነው፦

ሶዲየም ካርቦኔት + ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ⇌ 2 ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ + ካልሲየም ካርቦኔት

ለተማሪዎች የማነሣው ጥያቄ ከዚህ ነው። ፋብሪካ ውሃ ለማትነን ለነዳጅ ወጪ ያወጣል፤ ታዲያ ከመጀመሪያው ወፍራም የሶዳ ብጥብጥ ለምን አያዘጋጅም? ካልሲየም ሃይድሮክሳይዱ (ኖራው) እና ካልሲየም ካርቦኔቱ ጠጣር ናቸውና ኬ = [ሃይድሮክሳይድ]² ÷ [ካርቦኔት]። የመነሻውን ሶዳ ክምችት ሲ፣ የተለወጠውን ክፍልፋይ ኤክስ በሉት። በሚዛን ላይ ሃይድሮክሳይዱ 2 × ኤክስ × ሲ፣ ካርቦኔቱ (1 − ኤክስ) × ሲ ነው። ስትተኩት ኬ = 4 × ኤክስ² × ሲ ÷ (1 − ኤክስ) ይሆናል። ኬ አይነቃነቅም፤ ሲ ሲያድግ ኤክስ ማነስ አለበት። ብጥብጡ በወፈረ ቁጥር ወደ ኮስቲክ የማይለወጠው ሶዳ ይበዛል። ለዚህ ነው አምራቾች ቀጭን ብጥብጥ ይዘው የሚጀምሩት፤ የነዳጁንም ወጪ በኋላ ውሃውን ሲያተኑ ይከፍሉታል።